ጨው የጠገበ መሬት

ከቆቦ ወደ ዋጃ በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር፣ ከመንገዱ መቶ እርምጃ ያህል ገባ ብሎ፣ ምንም የማይበቅልበት አንድ መሬት ነበር። ግራው ማሽላ፣ ቀኙ ማሽላ፣ ጀርባው ማሽላ፤ እሱ ብቻ መላጣ። አውቶቡስ ሲያልፍ ተሳፋሪዎቹ በመስኮት እያዩ "ይሄ ደግሞ የማን ኳስ ሜዳ ነው?" ይላሉ ተብሎ ይወራ ነበር። ኳስ ሜዳ አልነበረም። የመይሙና እርሻ ነበር፤ በትክክል እንናገር ከተባለ ደግሞ የባሏ የታሂር።

ታሂር በስልሳ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ሚሊሺያ ሆኖ ሲዘምት ትዳራቸው ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም። ገበሬ ማኅበሩ አሥር ሰው ያዋጣ ተባለ፤ አዋጣ፤ ካሥሩ አንዱ እሱ ሆነ። የጭነት መኪናው ላይ ቆሞ አንገቱን ወደ ውጭ አስግጎ "ከዚች መሬት እንዳትነቃነቂ! ስመጣ እዚችው ላግኝሽ!" አላት። ሌላም ብዙ ነገር ብሎ ይሆናል፤ የቀረውን የሞተሩ ጩኸት ዋጠው። መይሙና የሰማችውን ያህል ይዛ፣ ከአማቷ ከእማ ዓሊማ ጋር በመሬቱ ጫፍ ካለችው ጎጆ ቀረች።

አንድ ደብዳቤ መጥቶላታል። ጽሕፈቱ የሌላ ሰው እጅ ነበር፤ ቃሉ ግን የራሱ። መስጊድ ያሉት ሸኽ ሲያነቡላት፣ ሰላምታው ሁሉ አልቆ መጨረሻ ላይ "ማሽላው ለጥንቅሽ ደርሶ ይሆናል፤ ድርሻዬን አስቀምጪልኝ" ይል ነበር። ታሂር ጥንቅሽ ሲያገኝ ልጅ ነው። ያን ጣፋጭ አገዳ በጥርሱ ልጦ ልጦ፣ አገጩ ላይ ውሃው እየተንጠባጠበ፣ ለሰላምታ እንኳ ቀና አይልም። መይሙና እዚያው ሸኹ ፊት ያን አገጭ አስታወሰች። መልስ ጻፊ ስትባል "ማሽላው ደህና ነው በሉልኝ" አለች። ውሸቷን ነበር። በዚያ ዓመት ከመሬቱ አንዲት ዘለላ አልተገኘም።

ከዚያ ወዲህ ደብዳቤ የለም። ሞተ ያለ የለም፣ አለ ያለም የለም። አራት ዓመት ሙሉ ያቺ ሴት አንድ ሥራ ነበራት ብል ግነት እንዳይመስላችሁ፤ አውቶቡስ በቆመ ቁጥር ከደጃፏ ቀና ብላ ማየት። የመሬቱ መላጣነት የጠቀማት በዚህ ብቻ ነው፤ ከጎጆዋ እስከ ጎዳናው ድረስ ዓይን የሚከልል አንድ ነገር አልነበረም። የሚወርደውን ሰው በአካሄዱ ትለየዋለች። ታሂር ሲራመድ ቀኝ እግሩን ትንሽ ወደ ውጭ ይጥላል። በልጅነቱ ግመል ረግጦት የቀኝ እግሩ ትንሿ ጣት ተጣምማለች።

እርሻውን ግን ችላ አላለችውም። በየዓመቱ የማኅበሩ ሰዎች የዘማች ቤተሰብ ነው ብለው ያርሱላታል፤ ትዘራለች። ማሽላው ይበቅላል፣ ስንዝር ይደርሳል፣ ያኔ የቅጠሉ ጫፍ እሳት እንደነካው ይጠወልጋል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ይተኛል። መይሙና "ጠምቶት ነው" አለች። ማን አይልም? የራያ ሰው ሰብል ሲደርቅበት ሌላ ምን ያስባል? ስለዚህ ከጓሮ ካለው አሮጌ ጉድጓድ በእንስራ እየቀዳች፣ ወገቧ እስኪቆረጥ፣ ረድፍ በረድፍ አጠጣችው። ባጠጣችው ቁጥር ባሰበት። ሲደርቅ ደግሞ አፈሩ ላይ ነጭ አመዳይ የመሰለ ነገር ይወጣ ጀመር። "ዓይን ገብቶበታል" ያለም ነበር፣ "ጂን የሰፈረበት ነው" ያለም ነበር። አስተያየት እንደሆነ በሰፈሩ ሞልቷል።

በሰባ ሦስት ሰኔ መጀመሪያ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ፈንታው መጣ። ፈንታው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ደብተር ይዞ ሲመጣ ግን ክፉ ይመስል ነበር። ደጃፍ ላይ ተቀመጥ ቢባል አልቀመጥም አለ።

"እህቴ መይሙና፣ እንግዲህ ታውቂዋለሽ" አለ ዓይኑን መሬቱ ላይ አድርጎ። "ማኅበሩ ለእህል መጋዘን የሚሆን ቦታ ፈልጓል። መንገድ ዳር ያለ፣ ሰብል የማያበላሽ። ሁሉም ጣቱን የቀሰረው እዚህ ነው። እናንተን ደግሞ አንጥላችሁም፣ ወደ ዞብል ተራራ ግርጌ ጥሩ መሬት አለ።"

"ዞብል ግርጌ?" አለች መይሙና። "ታሂር ከአውቶቡስ ሲወርድ ማንን ያገኛል? መጋዘኑን?"

"ሰው ይነግረዋላ።"

"እሱ እዚችው ላግኝሽ ነው ያለኝ።"

ፈንታው ደብተሩን ዘጋ፤ ከፈተ፤ ደግሞ ዘጋ። ከታሂር ጋር አብረው ከብት የጠበቁ ናቸው። "እሺ" አለ በመጨረሻ። "የዘንድሮን ልጠብቅሽ። እስከ ኅዳር ሰብል ካየሁበት ለስብሰባው 'ይሄ እርሻ ነው' ብዬ እከራከራለሁ። ካላየሁ ግን አፌን ሞልቼ ምን እላለሁ?"

ሲሄድ መይሙና መንገዱን አሰበችው። ዞብል ግርጌ ማለት የሁለት ሰዓት መንገድ ነው፤ ከዚያ ሆኖ አውቶቡስ አይደለም አቧራውም አይታይ።

እንግዲህ አላህ የሚያደርገው አይታወቅም፤ በሳምንቱ ነገሩን የፈታችው አንዲት ላም ነች። የአያ አባይ ላም። አያ አባይ የሰፈሩ የውሃ ዳኛ ናቸው፤ ክረምት ከደጋው የሚወርደውን ጎርፍ በተራ ለየእርሻው የሚያከፋፍሉ፣ ጺማቸው የሸበተ፣ ድምፃቸው ከሩቅ የሚሰማ ሽማግሌ። ላማቸው የግጦሽ ሣር ትታ የመይሙናን መሬት ስትልስ አገኟት። አፈር ስትልስ! አንዴ ነድተው ወሰዷት፣ ተመልሳ መጣች።

"አንቺ መይሙና! ላሜን ምን አስነክተሽብኝ ነው?" ብለው ጮኹ።

"የኔን ምግብ መውደዷ ነዋ፣ አያ አባይ። የሁሉም ከብት እዚህ ይልሳል፤ እኔ ደግሞ ደስ ይለኛል፣ የሚጎበኘኝ እሱ ብቻ ነው።"

ሽማግሌው ጎንበስ አሉ። ነጩን አፈር በጣታቸው ቆንጥረው ምላሳቸው ላይ አደረጉ፣ ወዲያው እንትፍ አሉት። "ይሄ ጨው ነው" አሉ። "መሬቱ ጨው ጠግቧል፣ ልጄ። ማሽላሽ ውሃ አልጠማውም፤ ጨው ነው ያቃጠለው።"

እማ ዓሊማ ከጎጆው በር ላይ ይህን ሰምተው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። "ያ ረቢ!" አሉ። "ያ ረቢ፣ እንዴት ዘነጋሁት!"

ነገሩ እንዲህ ነው። የእማ ዓሊማ ባል፣ የታሂር አባት በድረዲን፣ ከአብዮቱ በፊት የጨው ነጋዴ ነበሩ። ያ ቦታ የጨው ማራገፊያቸው ነው። አፋሮቹ ከቆላ በግመል የጫኑትን አሞሌ ሠላሳ ዓመት ሙሉ እዚያ ሲያወርዱ፣ ሲጠርቡ፣ ሲደረድሩ ኖረዋል። ፍርፋሪው እዚያው ይቀራል፣ ክረምት ያቀልጠዋል፣ መሬቱ ይጠጣዋል። በኋላ በድረዲን ሞቱ፣ ጨውም በመኪና መምጣት ጀመረ፣ ግቢው ባዶ ቀረ። መሬት ሲከፋፈል ለታሂር "የአባትህ ቦታ ነው፣ ውሰድ" አሉት፤ እሱም ደስ ብሎት ወሰደ። የልጅነት ግመሎቹ የተኙበት ቦታ ነዋ። ጓሮ ያለው ጉድጓድም የግመሎቹ መጠጫ ነበር፤ ውሃው ራሱ ጨው ጨው የሚል ነው። ምስኪኗ መይሙና በሽታውን በበሽታው ስታጠጣው ከርማለች።

"መድኃኒቱ ጎርፍ ነው" አሉ አያ አባይ። "የጎረቤቶችሽን መሬት ጎርፍ በየዓመቱ ያጥበዋል፣ አዲስ ደለል ያለብሰዋል። ያንቺን ምን ከለከለው?"

መይሙና መልሱን ታውቀዋለች። የከለከለው የታሂር ግድብ ነው።

መሬቱን ባገኘ በመጀመሪያው ክረምት ጎርፍ ጎጆው ድረስ ገብቶ ነበር። ታሂር ተናደደ። አንድ ወር ሙሉ አፈር ሲቆፍር፣ ድንጋይ ሲደረድር፣ የግራር እሾህ ሲከምር ሰንብቶ እርሻውን ከነጎጆው ዙሪያውን ከበበው። ማታ ሲገባ ጭቃው ጉልበቱ ላይ ደርቆ ይፈረፈራል፤ መይሙና ትስቅበታለች። ግድቡን በጨረሰ በሳምንቱ ስሙ ተጠራ። ከእሱ እጅ የቀራት የመጨረሻ ሥራ ያ ነው። ደግሞ ሌላ ሚስጥር ነበራት፤ በላይኛው ማዕዘን፣ ግድቡ ገና እርጥብ ሳለ የረገጠበት የእግሩ ዱካ ደርቆ ቀርቶ ነበር። ቀኝ እግር፣ ከነተጣመመችው ጣት። መይሙና ዝናብ እንዳያጠፋው ጠፍጣፋ ድንጋይ ከድናበታለች። ናፍቆቱ ሲብስባት ድንጋዩን አንስታ ታየዋለች፤ አንዳንዴም መዳፏን ታስገባበታለች። ይህን እማ ዓሊማም የሚያውቁ አይመስላትም ነበር።

"የግድቡ አፍ የት ይከፈት?" አለች።

አያ አባይ ዙሪያውን ዞሩ። "መግቢያው በላይኛው ማዕዘን፣ ውሃው መጥቶ በሚመታበት። መውጫው በታችኛው፣ ጨዉን ይዞ እንዲሄድ። ለጎጆዋ ብቻ ትንሽ ካብ እናደርጋለን። የመጀመሪያው ጎርፍ ሲመጣ ተራውን ላንቺ እሰጣለሁ፤ ሰዉ ቢያጉረመርም እኔ እችለዋለሁ።"

ሐምሌ ገባ። አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ደጋው ጠቆረ፣ ነጎድጓዱ ተንከባለለ፣ ደረቁ ወንዝ ከሩቅ ማጉረምረም ጀመረ። መይሙና ዶማዋን ይዛ ላይኛው ማዕዘን ላይ ቆመች። ድንጋዩን አየችው። እጇ እምቢ አላት። ሃያ እርምጃ ያህል ወረድ ብላ፣ ዱካው ከሌለበት ቦታ፣ ግድቡን ናደችና አፍ ከፈተች። ጎርፉ ቀይ ሆኖ መጣ፣ ማዕዘኑን መታ፣ ታጠፈ፣ የከፈተችውን አፍ በጎን በኩል አልፎት እየሳቀባት የሄደ መሰላት። አንድ እንስራ የሚሞላ እንኳ አልገባላትም። ውሃው ከታች ያለው ወንዝ ውስጥ ባክኖ ቀረ።

ተራቸውን የለቀቁት ገበሬዎች ጉድ አሉ። "እኛ እየጠማን ለኳስ ሜዳ ውሃ!" ያለ ነበር። አያ አባይ መጥተው አፉን አዩ፣ ከዚያ ላይኛውን ማዕዘን አዩ፣ ከዚያ ድንጋዩን።

"ውሃ ይሉኝታ የለውም፣ ልጄ" አሉ ቀስ ብለው። "እዚህ ግባ ስላልሽው አይገባም። በዓመት ቢመጣ ሦስቴ ቢበዛ አራቴ ነው፤ አንዱን ደፋሽው። ሰዉ ሁለተኛ ተራ አይሰጥሽም። የኔ የራሴ ተራ ቀጣዩ ነው። እሱን ውሰጂ። ከሱ በኋላ ግን የምሰጥሽ የለኝም።"

መይሙናን ሀፍረቱ አንገቷን አስደፋት። ያን ቀን ምግብ አልበላም አለች። እማ ዓሊማ አጠገቧ መጥተው ተቀመጡ።

"ድንጋዩን እኔም አነሳዋለሁ" አሉ። "አንቺ ውሃ ልትቀጂ ስትሄጂ። የወለድኩት እግር ነው እኮ።"

መይሙና ቀና ብላ አየቻቸው።

"አሁን ግን ንገሪኝ፣ የኔ ልጅ። የምንጠብቀው ዱካውን ነው፣ እሱን ነው? እሱን ከሆነ የሚገባበት መሬት ይኑረው።"

ሁለቱም አለቀሱ፤ ደግሞ ተያይዘው ነው ያለቀሱት። አራት ዓመት አንዱ ለሌላው ሲል የዋጠው እንባ ነበር።

ሁለተኛው ጎርፍ በዘጠነኛው ቀን አሥር ሰዓት ላይ መጣ። መይሙና ድንጋዩን አንስታ ወደ ጎን አስቀመጠች። መዳፏን ለመጨረሻ ጊዜ ዱካው ውስጥ አስገባች፤ ተረከዙ ጥልቅ ነበር፣ ጣቶቹ ቀለል ያሉ፣ ትንሿ ጠማማ። "ቢስሚላህ" አለችና ዶማዋን አነሳች። የመጀመሪያውን ምት መሬት ላይ ሳይሆን ደረቷ ላይ የመታችው ያህል አመማት። እማ ዓሊማ በባዶ እጃቸው አፈሩን ይጎትቱ ነበር፤ አያ አባይ ቦዩ ላይ ቆመው "ፍጠኑ! መጣ! መጣ!" ይላሉ። አፉ ከተከፈተ በኋላ ትንፋሽ እንኳ አልሰበሰቡም፤ ቀዩ ጎርፍ ከነአረፋው፣ ከነቅጠሉ፣ ከነደጋው አፈር እየተግተለተለ ገባ። መላጣውን ሞላው። ነጩን ሁሉ ዋጠው። በታችኛው አፍ ሲወጣ አያ አባይ በእፍኛቸው ቀድተው ቀመሱና ፊታቸውን አጨማደዱ።

"እየወጣ ነው!" ብለው ሳቁ። "የበድረዲን ንግድ እየሄደ ነው!"

ውሃው ሲሸሽ መሬቱ ላይ አንድ ስንዝር የሚጠጋ ለስላሳ ደለል ተኝቶ ነበር። ሦስተኛውንም ጎርፍ አገኙ፤ የራሱ እርሻ እየጠማው ተራውን የለቀቀላት ሰው ነበረ፤ ማን እንደነበር እስካሁን አልተናገረም። ጊዜው ለማሽላ ስላለፈ ጤፍ ዘሩ። በቀለ። ስንዝር ሆነ። መይሙና ጠዋት ጠዋት እየተንበረከከች የቅጠሉን ጫፍ ታያለች፤ ዛሬ ይቃጠላል፣ ነገ ይቃጠላል ስትል መስከረም አለፈ፣ ጥቅምት አለፈ። እዚህም እዚያም መላጣ መላጣ ነገር አልጠፋበትም፤ አብዛኛው ግን ራሱን አዘንብሎ ዘለላ ያዘ። በኅዳር ፈንታው ደብተሩን ይዞ መጣ፣ መካከል ገብቶ ቆመ፣ ከዚያም ደብተሩን ሳይከፍት ተመልሶ ሄደ። መጋዘኑ ሌላ ቦታ ተሠራ።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ እንዴት ጥሩ ነበር። የሚያልቀው ግን በቀጣዩ ዓመት ነው።

በሰባ አራት ማሽላ ዘሩበት። ጎርፉ ጠግቦ መጥቶ ነበር፤ ማሽላው ደግሞ ያን የአምስት ዓመት ዕዳውን በአንድ ክረምት ሊከፍል የተነሳ ይመስል ነበር። ወገብ ደረሰ፣ ትከሻ ደረሰ፣ ሰው አለፈ። ጎረቤቶች መጥተው እያዩ "ማሻ አላህ" ይላሉ፤ ኳስ ሜዳ ያለው ሰውም መጥቶ "ማሻ አላህ" አለ። መይሙና ትስቃለች፣ ታመሰግናለች፣ ትኮራለች። አንድ ቀን ጠዋት ከደጃፏ ተቀምጣ አውቶቡስ ሲቆም ሰማች። እንደልማዷ ቀና አለች።

መንገዱ የለም። ከደጃፏ ጀምሮ እስከሚታየው ድረስ አረንጓዴ ግድግዳ ብቻ ነው። ከማሽላው ወዲያ በር ሲከፈት ሰማች፣ ሰው ሲወርድ ሰማች፣ በር ሲዘጋ ሰማች። ተነስታ ማሽላውን በእርሻው ጫፍ ዞራ፣ ነጠላዋ እሾህ ላይ እየተያዘ፣ እየወደቀች እየተነሳች ጎዳናው ላይ ደረሰች። አቧራው ብቻ ነበር። የወረደው ሰው ማን እንደሆነ፣ በየት እንደሄደ፣ ቀኝ እግሩን ወደ ውጭ ይጥል እንደሆነ አላየችም። እዚያው መንገድ ዳር ቁጭ አለች። ምናልባት ወደ ዋጃ የሚሄድ ነጋዴ ይሆናል። ምናልባት። ታሂር ቢሆንስ? መላጣውን ቦታ ፈልጎ፣ ጎጆውንም በማሽላው ተከልሎ አጥቶ፣ "ቦታው ይሄ አይደለም" ብሎ አልፎ ቢሆንስ? ሦስት ቀን ከዋጃ እስከ ጎብዬ ሰው ስትጠይቅ ሰነበተች። ያየ አልነበረም።

በአራተኛው ቀን ማጭዷን አነሳች። ከደጃፏ ጀምራ ቀጥ ብላ ወደ ጎዳናው፣ ገና ያላፈራውን ማሽላ እያጨደች ሄደች። ፈንታው በመንገዱ ሲያልፍ አይቷት ሮጦ መጣ።

"ምን ነካሽ! ይሄ ሁሉ እህል! ለዚህ መሬት ነው እንዴ በስብሰባ የተከራከርኩት?"

"መግቢያ ነው" አለች ሳታቋርጥ።

"የምን መግቢያ?"

ቀጣዩን ረድፍ ያዘች። ፈንታው ደብተሩን ድንጋይ ላይ አስቀምጦ፣ የታጨደውን ይሸከምላት ጀመር።

ከወደቁት አገዳዎች አንዱን አነሳችና በጥርሷ ላጠችው። ያን ሁሉ ዓመት ማሽላዋን ሲያቃጥልባት የኖረውን ጨው በምላሷ ፈለገች። አልነበረም። ጥንቅሽ ነበር፤ ጣፋጭ፣ ውሃው አገጭ ላይ የሚንጠባጠብ። ለእማ ዓሊማ አንዱን ሰጠች። አምስቱን መርጣ፣ በጨርቅ ጠቅልላ፣ ጎጆው ውስጥ ከጥላ አስቀመጠች። ሲደርቁ በአዲስ ትለውጣቸዋለች፤ የድርሻ ነገር ነው።

ከዚያ ወጥታ ደጃፏ ላይ ተቀመጠች። ጎዳናው እንደ ድሮው ከጫፍ እስከ ጫፍ አይታይም። በማሽላው መሃል የሚታየው የአንድ ሰው ስፋት ያህል ብቻ ነበር። እሷም የምትጠብቀው አንድ ሰው ነው።